ለባቡሩ የተከለለው የማንጎ ማሳ

ሼህ ዐብዱልቃድር ከማንጎ ዛፋቸው ሥር አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። አጠገባቸው ቅርንጫፍ ወድቋል። ሰፈርተኛው ፍሬ ሊያወርዱ ወጥተው ነው አለና መቃብር መቆፈር ጀመረ።

ኢንስፔክተር ሸዋሉል ግን ዕረፍት አጣች። ቀብሩ ከዛሬው የከሰዓት አስር ሶላት አያልፍም፤ አፈር ከለበሱ ነገሩም አብሮ መቀበሩ ነው። ከአሶሳ እስከ ኩርሙክ ሐዲድ ሊዘረጋ የመጣው የግል ኩባንያ፣ ለሕዝብ ጥቅም በሚል መሬት የማስለቀቅ ሥልጣን ተሰጥቶታል። አልለቅም ያሉት ሼሁ ብቻ ነበሩ።

የጠረጠረቻቸውን ሦስት ሰዎች ለየብቻ ጠየቀች። የኩባንያው ቀያሽ ቸሩ ችካል ተክሎ ሲሄድ ሼሁ በሕይወት እንደነበሩ ተናገረ። መሬት አስለቃቂው ሂርጳ ከመኪናው አልወረድኩም አለ። ሼሁ ያሳደጉት የወንድማቸው ልጅ ኦመር፣ አጎቱን መልቀቂያ ካስፈረመ ኩባንያው ቋሚ ሥራ ሊሰጠው ቃል ገብቶለት ነበር፤ እሱም ገበያ ሆኜ ነው የሰማሁት አለ።

ሬሳውን ያገኙት የሼሁ ባለቤት ኸድራ ናቸው።

«ነክተዋቸዋል እማማ?»

«እኔ አልነካሁም። ማንም አልነካም። ዓይኑ ተዘግቷል፣ ፊቱ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ ነው። ሰግዶ ተኝቷል አልኩ።»

ሸዋሉል ግቢውን ሁለቴ ዞረችና ሁሉንም ሬሳው የተጋደመበት ቃሬዛ ዘንድ ሰበሰበች።

«ቸሩ፣ ቂብላ በየት በኩል ነው?»

«ወደ ምሥራቅ አይደል?»

ሂርጳ ትከሻውን ሰበቀ። «እኔን የቸርች ነገር ጠይቂኝ።»

«ሼሁ የተገኙት ወደ ሰሜን ዞረው ነው፤ ከዚህ ቂብላው እዚያ ነው። ሬሳውን ያየው ሐኪም ወዲያው ነው የሞቱት ብሏል። እንዲህ የሞተ ሰው ፊቱን አያዞርም፣ ዓይኑንም አይከድንም። ከእማማ በፊት የደረሰ ሰው አለ። ንጹሕ ቢሆን ኡኡ ይል ነበር፤ እሱ ግን ወጉን አድርሶላቸው ዝም ብሎ ሄደ። ወጉን የሚያውቅ፣ የሚወዳቸውም ሰው ነው።»

ኦመር መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ይፈርሙ ብዬ ያዝኳቸው። ትተውኝ ሲሄዱ ገፋኋቸው፤ የዛፉ ሥር ላይ በአንገታቸው ወደቁ። ከዛፍ የወደቁ እንዲመስል ቅርንጫፉንም እኔ ነኝ የሰበርኩት። ግን ያሳደጉኝን ሰው ዓይናቸው እንደተገለጠ ጥዬ መሄድ አቃተኝ።»

ሸዋሉል ወደ ሂርጳ ዞረች። «ባይፈርሙ ሐዲዱ በሌላ በኩል ያልፍ ነበር?»

«አያልፍም። የእሳቸው ፈቃድ በሕጉ አያስፈልግም። ማሳው ከተወሰነበት ቆይቷል።»

ኦመር ቀና ብሎ አየው። ኸድራ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ።

«ታዲያ ለምን ፈርም ብላችሁ ለመናችሁት?»

ሂርጳ የመኪናውን ቁልፍ በእጁ አገላበጠ።

«ያው... ጸብ እንዳይኖር ብለን ነው፣ እማማ።»