ንዑስ ርእስ ያለው ስንብት

የገበሬዎች ማኅበሩ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ዓይናለም የተገኘው በማኅበሩ መጋዘን ወራጅ ላይ ተሰቅሎ ነው። የደረት ኪሱ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር።

ረዳት ኢንስፔክተር ሐሚድ ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበና ሬሳ ፊት መሆኑን ረስቶ ከንፈሩን አጣመመ።

በኮምፒውተር የተጻፈ ነው። ከላይ በደማቁ «የስንብት ደብዳቤ» ይላል። ከሥሩ «መግቢያ»፣ ቀጥሎ «የታዩ ድክመቶች»፣ በስተመጨረሻ «ማጠቃለያ»። አንቀጾቹ ሁሉ እኩል ገባ ብለው ይጀምራሉ።

«ወይ ጉድ!» አለ ሐሚድ። «ሰውየው ሊሞት ነው ወይስ ሊገመገም?»

የጣቢያው አዛዥ አልሳቀም። «ራሱን ገደለ፤ ጽፎም ተወ። መዝገቡን ዝጋው» አለ። አዛዡ መዝገብ ሲዘጋ እንጂ ሲከፍት ታይቶ አያውቅም።

ለሟች ሚስት ለወይንሸት ግን ነገሩ አላለቀም። ቄሱ ራሱን ለገደለ ሰው ፍትሐት የለም፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይቀበርም ብለዋታል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያድርም።

«ወንድሜ፣ ባሌን እንደ ውሻ ከአጥር ውጪ ልጣለው?» አለችው ሐሚድን።

«እትዬ ወይንሸት፣ ሳይመሽ እመለሳለሁ። እስከዚያ እንዳያስቀብሩት።»

መጀመሪያ የማሾ ነጋዴውን ጀይላንን አስጠራ። ባለፈው ገበያ ከዓይናለም ጋር ተናንቆ ነበር።

«ምን አጣላችሁ?»

«ማሾህ ጠጠር አለበት ብሎ መለሰብኝ።»

«አለበት?»

«አለበት እንጂ። ምን ላድርግ?»

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ማጀቴ ከተማ፣ የእህቴ ሰርግ ላይ። ወላሂ፣ መንደሩ ሁሉ ሲያየኝ ነው ያመሸሁት።»

ወደ ማጀቴ ተደወለ። እውነቱን ነው።

ዓይናለም ዕቃ ግምጃ ቤት እንጂ ኮምፒውተር አያውቅም። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ኪሩቤል ግን መልስ ነበረው። «ጸሐፊዋ ናርዶስ ጽፋለት ይሆናላ!» አለ።

ናርዶስ እያለቀሰች ማለች። ሐሚድ መሐላ ትቶ «እስቲ ጻፊ» አላት። ልጅቱ አንቀጽ በጀመረች ቁጥር የክፍተቱን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ጠክ ጠክ ታደርጋለች። አንዱ አንቀጽ ብዙ ገባ፣ ሌላው ትንሽ ገባ።

«ስታይል የሚባለውንስ?»

«እሱን አልችልበትም።»

ሐሚድ ይችልበታል። ቢፒአር የተባለው የአሠራር ለውጥ ሥልጠና በወረደ ጊዜ ደብረ ብርሃን ከኪሩቤል ጎን ተቀምጦ እያንቀላፋ ተምሮታል። ለአንቀጽ አንድ ጊዜ መልክ ሰጥተህ ስም ታወጣለታለህ፤ ከዚያ በኋላ በአንዲት ጠቅታ የፈለግኸው አንቀጽ ያንን መልክ ይለብሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ኪሩቤል ግን ከሥልጠናው ሲመለስ ፊደል የፈለሰፈ ይመስል ሰላምታ መስጠት ትቶ ነበር።

ሐሚድ ኪሩቤል ቢሮ ገባና ድምፁን አለዘበ።

«አቶ ኪሩቤል፣ ድንኳን ውስጥ የሚነበብ የሟች የሕይወት ታሪክ ቸግሮናል። እንደ እርስዎ አሳምሮ የሚጽፍ ማን አለ?»

ሙገሳ ሲሰማ ሰውየው እንደ አውራ ዶሮ ተነፋ። የይለፍ ቃሉን አስገባ፣ ጻፈ፣ ጠቅ አደረገ። አንቀጾቹ እንደ ወታደር ተሰለፉ።

«ድንቅ ነው! ናርዶስ ታስተምረኝ ይሆን?»

«ናርዶስ? እሷ ኢንተር ከመርገጥ ሌላ ምን ታውቃለች? ይህን ስታይል የሠራሁት እኔ ነኝ። ያለ እኔ የይለፍ ቃል አይከፈትም። በዚህ ወረዳ ማንም የለውም።»

«ማንም?»

«ማንም!»

ሐሚድ የታተመውን ወረቀት አንሥቶ በስንብት ደብዳቤው ላይ ደረበና መስኮቱ ላይ ለጠፈው። በብርሃኑ ርእሱ ርእሱ ላይ፣ የአንቀጹ መጀመሪያ መጀመሪያው ላይ ልክክ አለ። ይባስ ብሎ ጅሉ በሟች የሕይወት ታሪክ ውስጥም «የታዩ ድክመቶች» የሚል ንዑስ ርእስ አስገብቷል።

«ይህን ስንብት ማን ጻፈው?» አለ ሐሚድ።

«ኮምፒውተር እኮ... ማለቴ ቫይረስም አለ...»

በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

«ማንም የለውም አልከኝ እኮ» አለው። አክብሮቱ እዚያው ላይ አበቃ። «ተናገር!»

ኪሩቤል ሁሉንም ዘረገፈ። የገበሬውን ማዳበሪያ አውጥቶ ለአንድ የአጣዬ ነጋዴ ሸጦታል። ዓይናለም ጉዳዩን ደርሶበት በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ተነሥቼ እናገራለሁ ብሎታል። ስለዚህ ደብዳቤውን አስቀድሞ አዘጋጀ፤ መጋዘን ውስጥ ከኋላው በገመድ አንቆ ገደለው፤ ከዚያ ሰቀለው።

«ሰው እንዲያምን ብዬ ነበር ያሳመርኩት» አለ እያለቀሰ።

«ማሳመርህ ነው ያስያዘህ፣ ደነዝ!»

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል ሐሚድ ኪሩቤል የፈረመበትን ቃል ይዞ ቄሱ ዘንድ ደረሰ። ቄሱ አንብበው አማተቡና «መቃብሩ ከቅጥር ውስጥ ይቆፈር፤ ፍትሐቱም ይደረስለታል» አሉ።

ወይንሸት ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም ነበር። ጎረቤቶቿ ድንጋጤ ነው ብለው ነበር። አሁን ሄዳ በሬሳው ላይ ተደፋች።

«ጥለኸኝ ሄድክ ብዬ ስረግምህ ዋልኩ!» ብላ ጮኸች። «ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ! ስረግምህ ዋልኩ!»