«ልቀቀው» ያለው ድምፅ

ፍቅርተ ቅዳሜ ጧት ከገሳይ በሚኒባስ መጥታ የወንድሟን ቤት በያዘችው ቁልፍ ከፈተች፤ በሩ ግን አልገፋ አላት። በትከሻዋ ገፋ ስታደርገው በጠባቡ ክፍተት መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ዋልልኝ በሩ ሥር በሆዱ ተኝቶ ሞቷል። ያመጣችለት ድንች ከነፌስታሉ ወድቆ ግቢው ላይ ተበተነ፤ ጎረቤቱም ጩኸቷን ሰምቶ ወጣ።

ዋልልኝን ደብረ ታቦር ውስጥ የማያውቀው የለም። በወጣትነቱ የከተማው ቡድን አጥቂ ነበር፤ ጉልበቱ ሲከዳው አፉ ተረከበው። ዓርብ ዓርብ ማታ «የሜዳው እውነት» በሚባል የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ፣ ከድሮው በረኛ ከይሻው ጎን ተቀምጦ ተጫዋቹን ያዋርዳል፣ አሠልጣኙን ይዘረጥጣል። የሞተን ሰው በክፉ ማንሣት ነውር ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ የሰውዬው እንጀራ ስድብ ነበር። እኛስ ብንሆን እራታችንን እየበላን እየሣቅን እናየው አልነበር?

ከሁሉ ይበልጥ የሚሰደበው ፈንታሁን ነው። ፈንታሁን የቡድኑ አሠልጣኝ ነው፤ ያኔ ሦስቱም አብረው ሲጫወቱ ደግሞ አምበላቸው ነበር። በዚያ ዓርብ ማታም ማያ ገጹ ጥግ ላይ «ቀጥታ» የሚለው ቀይ ጽሑፍ እየበራ ዋልልኝ፣ «ፈንታሁንን ጉና ተራራ ላይ በግ አስጠብቁት፤ በጎቹም ተሸንፈው ነው የሚመለሱት» አለና ማኪያቶውን ፉት ብሎ አረፋውን ከጺሙ ላይ ጠረገ። ከተማው በሣቅ ፈነዳ። ፕሮግራሙ እንዳለቀ ፈንታሁን የዋልልኝን በር በቡጢ እየደበደበ ሲሳደብ ጎረቤት ሰማ፤ ጧት ሬሳው ተገኘ፤ ቀትር ሳይደርስ ፈንታሁን ታሰረ። ሰኞ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው፤ ከተማው ግን እስከ ሰኞ አልጠበቀም፣ በየሻይ ቤቱ ፈርዶበት አድሯል።

ነገሩ የተሰጣት ኢንስፔክተር ለተሥላሴ ናት። ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ፣ ሰው ሲዋሻት የማትቆጣ፣ ቆይታ ግን የምታስከፍል ሴት ናት። አለቃዋ ገና ከበሩ ላይ እያለች ነው የጀመሯት።

«ምን የሚመረመር ነገር አለው? ሰውዬው በቀጥታ ስርጭት በሕይወት ታየ። ወዲያው ጠላቱ በሩ ላይ መጣ። ሲነጋ ሞቶ ተገኘ። አንቺ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወጃለሽ።»

«አንድ ጊዜ ቤቱን ልየው፣ ጌታዬ። ሰኞ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ማንም አይሰማውም።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ጥግ ላይ ካለው የብረት ሣጥን ጠርዝ ላይ ደም ደርቋል፤ ከዚያ እስከ በሩ ድረስ ሲሚንቶው ላይ የተጎተተ የደም መስመር አለ። ዋልልኝ ተገፍቶ ጭንቅላቱ ከሣጥኑ ጋር ተጋጭቷል፤ ከዚያ እየዳኸ እስከ በሩ መጥቷል። በሩ ሲሳብ ራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ከእንጨቱ ታችኛው ክፍል ላይ ለተሥላሴ ጎንበስ ብላ የጥፍር ጭረት አየች፤ ጣቷን አስኬደችበትና ተነሣች።

ጠረጴዛው ላይ ከወዲህም ከወዲያም የተቆረሰ እንጀራ፣ የደረቀ ሽሮ አለ። ከአንደኛው ወንበር ፊት ሽሮ የነካው ማንኪያ ተቀምጧል። የመስኮቱ መጋረጃ ተገልጧል፣ መስኮቱም ገርበብ ብሎ ከጉና የሚመጣው ብርድ ይገባል።

«መብራቱን ያጠፋው ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም አልነካውም፤ ስንገባም ጠፍቶ ነበር» አላት በር የሚጠብቀው ፖሊስ።

ሬሳው ለምርመራ ተልኳል፤ ውጤቱ መቼ እንደሚመጣ ግን የሚያውቅ የለም። እሷም መቀመጥ ስላልፈለገች ወደ እስር ቤቱ ሄደች። ፈንታሁን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ቱታው ላይ የልምምድ ሜዳው አቧራ እንዳለ ነው።

«ዓርብ ከሰዓት በኋላ የት ዋሉ?»

«ሜዳ። እስኪመሽ ልጆቹን ሳሠለጥን ነበርሁ። ከዚያ አብረን ሻይ ልንጠጣ ገባን፤ ያን ጉድ ልጆቼ ፊት ተቀምጬ አየሁት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ተነሥቼ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ጨለማ ነበር። በሩን ደበደብሁ፣ ሰደብሁት፣ ተመለስሁ። ይኸው ነው።»

«ሌላስ?»

ፈንታሁን የቱታውን አቧራ በእጁ ማራገፍ ጀመረ። ለተሥላሴም ሌላ ነገር አነሣች።

«ይህ ሁሉ ጥላቻ ከየት መጣ?»

«ከአንዲት ኳስ። ከሊጉ የወረድንበት ጨዋታ ነው። ኳሷ ወደ ግባችን ስትመጣ ላወጣት እግሬን አነሣሁ። በረኛው ይሻው ከኋላዬ «ልቀቀው» ብሎ ጮኸ። በረኛ ልቀቀው ካለ ይለቀቃል፤ ሕጉ ነው። ለቀቅኋት፣ ገባች። ይሻው «እኔ አልተናገርሁም» አለ። ዋልልኝ አጠገቤ ነበር፣ ሰምቷል፤ ግን ዝም አለ። ይኸው እስከ ዛሬ ኳስ አይቶ የሸሸ አምበል እኔ ነኝ። ሁለቱ ደግሞ በቴሌቪዥን ዳኞቼ ሆኑ።»

ስቱዲዮው ከአንድ ካፌ በላይ ያለ የኪራይ ክፍል ነው። አቅራቢዋ ገነት ከአረብ አገር ተመልሳ ነው እዚህ የገባችው፤ ካሜራውንና ስርጭቱን የሚይዘው ሱልጣን ደግሞ የገበያው የጨርቅ ነጋዴ የኑሩ ልጅ ነው። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ዓርብ ከስርጭቱ በኋላ ምን ሆነ?»

«አብረን ወጣን፣ ደጅ ላይ ተሰነባበትን» አለች ገነት።

«አብረን ወጣን፣ ደጅ ላይ ተሰነባበትን» አለ ሱልጣን።

«በፕሮግራሙ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጠጥ ማን አመጣው?»

ሱልጣን ጥያቄው ቀሎት ፈገግ አለ። «ሌላ ጊዜ የምታዘው ገነት ናት። ያን ቀን እየተዘጋጀች ስለነበር እኔ ከታች አመጣሁ። ለዋልልኝ ማኪያቶ ነዋ። ሲወድ ለጉድ ነው።»

ገነት ቀና ብላ አየችውና አንገቷን ደፋች። ለተሥላሴ ይህን አይታ አመስግናቸው ወጣች።

ይሻውን ያገኘችው ልቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ጥግ ላይ ነው። የሻይ ብርጭቆውን እንደ ሕፃን በሁለት መዳፉ አቅፎ ይዟል፤ ጣቶቹ ወዲህና ወዲያ ጠመዋል፣ አይታጠፉም። ስታያቸው አይቶ ራሱ ተናገረ።

«የበረኝነት ትርፉ ይሄ ነው። ሁሉም ተራ በተራ ተሰብረዋል።»

«ጓደኛዎ ነበር፤ እግዚአብሔር ያጥናዎ። ዓርብ ማታ እስከ የት አብራችሁ ሄዳችሁ?»

«እስከ አደባባዩ። ደኅና እደር ብሎኝ ሄደ። ፈንታሁን እንዲህ ይጨክናል ብዬ አላሰብሁም።» ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንባው የውሸት አልነበረም።

ስትወጣ ፍቅርተን ለብቻዋ ጠርታ አነጋገረቻት።

«ወንድምሽ ጾም ላይ እንዴት ነበር?»

«ረቡዕና ዓርብን? ከነፍስ አባቱ ይብሳል። አፉ ክፉ ነው ይሉታል፤ ለጾሙ ግን ማንም አይደርስበትም ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርሽው መቼ ነው?»

«ዓርብ ቀትር ላይ ደወልሁለት። «በሚቀጥለው ፕሮግራም ፈንታሁንን በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ደክሞኛል» አለኝ። «አስቀድሜ ግን አንድ ሰው መስማት አለበት፤ ሽሮ እየሠራሁለት ነው» አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።»

ሰኞ ጧት ለተሥላሴ አለቃዋን ለመነችና ሁሉንም ስቱዲዮው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ገነት፣ ሱልጣን፣ ይሻውና ፍቅርተ ተቀመጡ፤ ፈንታሁን እጁ በካቴና እንደታሰረ በር አጠገብ ቆመ። የዋልልኝ ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም።

«በመብራቱ ልጀምር» አለች ለተሥላሴ። «ዋልልኝ ከዚህ ማታ ተመልሶ እንግዳውን አብልቶ ቢሆን ኖሮ መብራቱ በርቶ፣ መስኮቱ ተዘግቶ እናገኘው ነበር። በጥር ብርድ፣ በጨለማ፣ መስኮት ከፍቶ እንግዳ የሚያበላ የደብረ ታቦር ሰው አላውቅም። እንግዳው ቤቱ የገባው በቀን ነው። ዋልልኝ የወደቀውም በቀን ነው።»

«ማታ በቀጥታ ስርጭት አገር ሁሉ አይቶት?» አለ ይሻው።

«እሱን እንየው። ሱልጣን፣ የዓርቡን ክፈተው።»

ዋልልኝ ስክሪኑ ላይ መጣ። ስለ በጎቹ ቀለደ፣ ማኪያቶውን ፉት አለ፣ አረፋውን ጠረገ። ፍቅርተ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እዚህ ላይ አቁመው። ፍቅርተ፣ ይህ ወንድምሽ ነው?»

«እሱ ነው። ግን...» ፍቅርተ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየች። «ግን ይህ ዓርብ አይደለም። ወተት እኮ ነው የሚጠጣው።»

የሱልጣን ፊት ተለወጠ። «ሐሙስ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሐሙስ ነው የቀረጽነው። ዓርብ ዓርብ መብራት ስለማይታመን ሁልጊዜ ሐሙስ ቀርጸን «ቀጥታ» ብለን ነው የምንለቀው። ገነት ብታዝ ሻይ ታደርገው ነበር። እኔ ጾሙን መች አሰብሁት፤ የሚወደውን አመጣሁለት።»

«አንቺስ አውቀሽ ነበር?» አለቻት ገነትን።

«ማኪያቶ መሆኑን ያየሁት ሲተላለፍ ነው።» ገነት ታለቅሳለች። «ከቤሩት ተመልሼ ያገኘሁት ሥራ ይህ ብቻ ነው። ቀጥታ አይደለም ከተባለ ማን ያየናል? ጋሽ ይሻው ደግሞ «ዝም በሉ፤ ፈንታሁን ካልገደለ ራሱ ይወጣል» አለን።»

«ሰው በነፍስ ግድያ ተይዞ እያለ ዝም አላችሁ» አለች ለተሥላሴ። አልጮኸችም፤ ግን ሱልጣን ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ አለ። «እንግዲህ ዓርብ ማታ ዋልልኝን በአካል ያየው ሰው የለም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፈንታሁን እስኪመሽ ሜዳ ላይ ነበሩ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ። ታዲያ ሽሮው የተሠራለት እንግዳ ማነው? ጠረጴዛው ላይ አንድ ማንኪያ ነበር። ዋልልኝ የበላው በእጁ ነው፤ ሽሮው ጣቱ ላይ ደርቆ እንደነበር ሬሳውን ያነሡት ፖሊሶች ነግረውኛል። ማንኪያው እንግዳው ፊት ነው። እንጀራ በሽሮ በማንኪያ የሚበላ ስንት ሰው ታውቃላችሁ? ይህ እንግዳ ጣቱ እንጀራ የማይቆርስለት ሰው ነው፤ ዋልልኝም ችግሩን ስለሚያውቅ ሳያሳፍር ማንኪያ አስቀመጠለት።»

ይሻው እጆቹን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር አስገባ። ሁሉም አየው።

«ልገድለው አልሄድሁም» አለ። «ምሳ ብላ ብሎኝ ሄድሁ። እየበላን ሳለ «ልቀቀው ስትል ሰምቼሃለሁ፤ እናገራለሁ፤ አንተም አብረኸኝ ተናገር» አለኝ። ለመንሁት። እኔን ሰው የሚሰማኝ ሌላውን ስለምወቅስ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ከሆነ ማንን ልወቅስ ነው? በዚህ እጄ ሌላ ምን ሥራ እሠራለሁ? እንቢ ሲለኝ ገፋሁት።»

«ትተውት ሲወጡ ይተነፍስ ነበር?»

«ይተነፍስ ነበር። በሩን ሳብሁትና ሄድሁ። ማታ ቤቴ ሆኜ ፕሮግራሙን አየሁት። የሐሙስ መሆኑን እያወቅሁም ሲሥቅ ሳየው ደኅና የሆነ መሰለኝ።»

ፍቅርተ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ይሻውን ሲወስዱት የቀድሞ አምበሉን አልፎ ሄደ፤ ሁለቱም ቀና ብለው አልተያዩም። ገነትና ሱልጣን ቃላቸውን ሊሰጡ ተከተሉ። ለተሥላሴ የፈንታሁንን ካቴና ራሷ ፈታች።

«ነፃ ነዎት።»

«የት ልሄድበት?» አለ። «ትናንት የክለቡ ቦርድ አሰናብቶኛል። የሚሰድበኝም፣ እውነቱን የሚናገርልኝም አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ሞተ።» ባዶው ወንበር ላይ ዓይኑን ተከለ። «ያን ቀን «ሌላስ» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር፣ ልጄ። አንድ ነገር ትቻለሁ።»

«ይንገሩኝ።»

«በሩን ስደበድብ ከውስጥ የሆነ ነገር በሩን ፋቀው። ከታች፣ ቀስ ብሎ። ቁጭ ብሎ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። «ከፈለግህ እንደ ውሻ እዚያው ሙት» አልሁትና ሄድሁ።» ከወንበሩ ወደ እሷ ዞረ። «ያኔ... በሕይወት ነበር?»

ለተሥላሴ ካቴናውን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«አላውቅም» አለችው።

ታውቅ ነበር። የጥፍሩን ጭረት በሩ ላይ ቅዳሜ ዕለት አይታዋለች።