አምስተኛው መስፈርት

የመመረቂያው ፈተና ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀምሮ እስከ ምሳ ድረስ አራት ዓመት ፈጀ። ይህ የተለመደ ነው። የድሬዳዋው ማዶ ኮሌጅ የቢዝነስ አስተዳደር ተመራቂዎች ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀጭን ቆብ አጥልቀው ወደ ምስለ ገበያ ይገባሉ። ምስለ ገበያ ከብርሃንና ከስሌት የተሠራ፣ ሱቅና መንገድ፣ አቧራና ጨቅጫቃ ደንበኛ ያለው ከተማ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ እዚያ አንድ ሱቅ ይረከባል። ጎረቤቱ የክፍል ጓደኛው ይሁን ማሽን የፈጠረው ምስል አይነገረውም። የኮሌጁን ደብዳቤና የሠራተኛ ሰዓት ጭምር የያዘው፣ መዛኝ የሚሉት ማሽን ደግሞ ከላይ ሆኖ፣ ተማሪው ከትምህርቱ ምን እንደጨበጠ በሰባት መስፈርት ይለካዋል።

የምዘና ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር እልፍነሽ ጎበና ከምሳ መልስ ውጤቱን ስትከፍት ክው አለች። በስድስቱ መስፈርቶች ክፍሉ ጥሩ ነው። አምስተኛው ላይ፣ «በጫና ውስጥ ትክክለኛ ውሳኔ መስጠት» በሚለው፣ ሠላሳ አንዱም ተማሪ ዜሮ። አንድ እንኳ አልተረፈም። ክፍሉ በሙሉ አንድ መስፈርት ከወደቀ ክፍሉ በሙሉ ዓመቱን ይደግማል ይላል ደንቡ። መስፈርቱንም ደንቡንም ያረቀቀችው ራሷ ናት፤ ስትኮራበትም ኖራለች። ውጤቱ ላይ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መፈረም አለባት።

የመዛኝ ማስታወሻ አጭር ነበር፦ በሦስተኛው ዓመት፣ ገበያው በደራበት የበዓል ሰሞን፣ ሠላሳ አንዱም ሱቆች ለሦስት ቀን ተዘግተዋል። በቂ ምክንያት የለም።

«ተመካክረው ነው» አለችው የማሽኑን ቴክኒሻን ሙክታርን። «ተኮራርጀዋል።»

«እዚያ ውስጥ እኮ አይተዋወቁም ዶክተር። እንዴት አድርገው ይኮራረጃሉ?»

«የዛሬ ልጅ መላ አያጣም።»

የክፍሉን ተጠሪ ቢፍቱን አስጠራች። ልጅቱ ቆቡ ግንባሯ ላይ የተወውን ምልክት እያሻሸች ገባች።

«ሱቅሽን ለምን ዘጋሽ?»

«ሰው ሞቶብን ነዋ።»

«ማን?»

«ጋሽ በዳሶ። ከፊት ለፊቴ ገመድ የሚሸጡት። አንድ ቀን ጠዋት እሳቸውም ሱቃቸውም የሉም። የት ሄዱ ብል ሞተዋል ተባልኩ። ለጎረቤቱ ነገርኩና ድንኳን ተክለን ተቀመጥን።»

«በበዓል ሰሞን? ደንበኛሽ ተሰልፎ?»

ቢፍቱ ግራ ገባት። «እና ጎረቤቴ ሞተው ሽንኩርት ልመዝን ነው?» አለች። ከማን ጋር እንደምትነጋገር ትዝ ሲላት አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ ዶክተር። ሁላችንም ልንወድቅ ነው? እናቴ ለምርቃቱ ከጭሮ መጥታለች።»

እልፍነሽ ልጅቱን ውጪ ሆና እንድትጠብቅ ነገረቻት።

ሙክታር የማሽኑን መዝገብ ሲፈትሽ ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ጥፋቱ የኛው ነው» አለ። የመዛኝ ማከማቻ ሞልቶ ኖሯል። ቦታ ለማግኘት ብሎ፣ ገዢ የማይበዛበትን አንድ ምስል መርጦ አጠፋ። ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ የሚል ታሪክ ማበጀት ሲገባው ዘነጋው፤ ቢፍቱ ስትጠይቅም የመጣለትን አጭር መልስ ሰጥቶ ተገላገለ።

«ሦስቱን ቀን አሳየኝ» አለችው።

ግድግዳው ላይ ድንኳኑ ታየ። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ አንዱ ልጆች ተሰብስበው ተቀምጠዋል። በሁለተኛው ቀን ግን እልፍነሽ ሰዉን ቆጥራ መጨረስ አቃታት። ዋጋ እንዲከራከሩ ብቻ የተሠሩት ምስሎች አንድ በአንድ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። የገዛችውን ዕቃ እየመለሰች እንድትነጫነጭ የተሠራችው ወይዘሮ እንኳ ሳትነጫነጭ ቆሎ ታዞራለች።

«ይህን ማን ጻፈላቸው?»

«ማንም። ልጆቹን አይተው ነው» አለ ሙክታር። «ሌላም ነገር አለ። ማከማቻው ከዚያ በኋላም ሞልቷል፤ መዛኝ ግን ሁለተኛ ሰው አላጠፋም። የራሱን ፍጥነት ነው የቀነሰው።»

«ታዲያ ዜሮ ለምን ሰጣቸው?»

«እሱማ የእርስዎን መስፈርት ተከትሎ ነው።»

ከእልፍነሽ ቢሮ ሁለት በር አለፍ ብሎ ይሠራ የነበረው የሒሳብ አያያዝ መምህር፣ አቶ ዘርጋው፣ የተቀበረው ባለፈው ሐሙስ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። የፈተና ዝግጅት ነበረባትና ቀብሩ ላይ ሳትገኝ የሐዘን መልእክት ላከች፣ ያውም መዛኝ ያረቀቀላትን። ያን ጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ መስሏት ነበር። አሁን አፈረች።

ቢፍቱን መልሳ አስገባቻት። «ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ ትመረቃላችሁ» አለቻት። ሠላሳ አንዱን ዜሮ ሰርዛ፣ መስፈርቱን አሟልተዋል ብላ ፈረመች። ምክንያት በሚለው ክፍት ቦታ «መስፈርቱ ያልገባን እኛ ነን» ብላ ሞላች።

ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች። ገና ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በሩ ላይ ስትደርስ መዛኝ እንደ ደንቡ፣ ያለ ሰዓቷ የምትወጣበትን ምክንያት ጠየቃት።

«ለቅሶ ልደርስ» አለች። «ዘግይቻለሁ።»

ማሽኑ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ሁልጊዜ የሚፈቅደው ሁለት ሰዓት ነበር።

«ሦስት ቀን ይበቃዎታል?» አላት።