በዳገቱ ያልፈላችው መኪና

ኢንስፔክተር የሻለም ስትደርስ ሟቹ ተቀብሯል። ለምስክርነት ወግዲ ሄዳ ሁለት ቀን ዝናብ አግቷት ነበር፤ ጭቃ የጠገበ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በቀጥታ ዳገቱ ድረስ ወሰዷት። ጉልበቷን ያማታል። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ቀርቷታል፤ በሰባቱ ወር ውስጥ ማንም ባይሞት ደስ ይላት ነበር፣ ግን ማን ጠይቋት።

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወጣው መንገድ፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ቀይ መኪና ቆማለች። የእንግሊዝ ሥሪት ናት፤ ሁለት ወንበርና የሸራ ጣሪያ ያላት፣ በዕድሜ የኢንስፔክተሯ እኩያ። ሟቹ አሕመድኑር ሃያ ዓመት ጂዳ ውስጥ ሠርቶ ሲመለስ፣ አዲስ አበባ በአንድ ሽማግሌ ግቢ ሣር ውጧት አግኝቶ ነው ያመጣት። ከተማው ይስቅባት ነበር፤ ዳገት ባየች ቁጥር ትፈላለች። ሰውየው እዚሁ ኩርባ ላይ ቆሞ ከጀሪካን ውሃ ሲያጠጣት ያላየ የሚኒባስ ተሳፋሪ የለም።

«ትናንት ጠዋትም እንደ ልማዷ ፈልታበት ቆመ» አለ ኮንስታብል ካሳ። «የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍት እንፋሎቱ ፊቱን መታው፤ ወደ ኋላ ሲሸሽ ገደል ገባ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ክዳኑ ወልቆ፣ ባዶ ጀሪካን አጠገቧ ወድቆ ነው ያገኘናት።»

«ታዲያ መካኒኩን ለምን አሰራችሁት?»

«እስከ ሰኞ እሱ ጋራዥ ነበረች። ድናለች ብሎ ነው ያስረከበው። የሟቹ ዘመዶች ሁለት ጥርሱን አውልቀውታል፤ ከእጃቸው ያስጣልነው እኛ ነን። በቸልተኝነት ሰው መግደል ተብሎ ፋይሉ ነገ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

ኢንስፔክተሯ ኮፈኑን አስከፈተች፤ ክዳኑን አዙራ አነሳችና ጣቷን ሰደደች። ውሃው እስከ አንገቱ ሙሉ ነው።

«ውሃ ጨምራችኋል?»

«ማንም አልነካትም። ክዳኑን መልሰን ገጠምን እንጂ።»

ጣቷን በመሐረቧ ጠረገች። አባቷ በደሴ መንገድ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ስለ ራዲያተር የምታውቀውን ከእሱ ጎን ተቀምጣ ነው የተማረችው።

መካኒኩ ሁዜይፋ ከንፈሩ አብጦ ጣቢያው ወለል ላይ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። እናቱ ከትናንት ጀምሮ ከአጥሩ ውጭ ናት፤ ግቢ ቢሏትም አልገባች፣ ሂጂ ቢሏትም አልሄደች።

«መኪናዋ ምኗን ነበር ያመማት?»

ልጁ ቀና አለ። ይህን የጠየቀው የመጀመሪያ ሰው አገኘ።

«ሁሉም የየራሱን ይል ነበር፣ ኢንስፔክተር። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ሌላው መኪና በሰላም ይወጣል። የማራገቢያዋን ቺንጋ አየሁ፣ ደህና ነው። ራዲያተሩን አወረድኩ፣ የሣር ፍሬ ጠቅጥቆታል፤ አጠብኩት። አሁንም ፈላች። በኋላ ሞተሩ ግሎ እያለ የላይኛውን ቱቦ ብጨብጠው ቀዝቃዛ ነው። ያኔ ገባኝ።»

«ውሃው አይዞርም።»

«አይዞርም። ቴርሞስታት የምንላት ትንሽ የናስ በር አለች። ውሃው ሲሞቅ ተከፍታ ወደ ራዲያተር ታሳልፈዋለች። ዝጋ ተዘግታ ቀርታለች። አዲስ እስኪገኝ አውጥቼ ያለ እሷ ገጠምኩት። ሰኞ ከአቶ አሕመድኑር ጋር ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጣን፤ የሙቀት መርፌው ግማሽ አልደረሰም። እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት። ግን አሁን ማን ያምነኛል? ራሱን ለማዳን ነው ይላሉ።»

«በሯ የት አለች?»

«ለሰው ላሳያት ብለው ኪሳቸው ከተቷት።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ከተፈረደብኝ እናቴ ሌላ ልጅ የላትም።»

የሟቹን ጀናዛ ያጠቡትን ሸህ አሕመዲንን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሸህ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ደክሞሻል፣ ልጄ። አረፍ በይ።»

«ሲያጥቡት ያዩትን ይንገሩኝ።»

«የጀናዛ ገመና አይወራም።»

«አውቃለሁ። ግን አንድ ልጅ ታስሯል።»

ሸሁ መቁጠሪያቸውን ሁለት ጊዜ አዞሩ። «ፊቱ ተልጧል፤ ውሃ ግን አልቋጠረም። የተቃጠለ ሰው ብዙ አጥቤያለሁ፣ እንዲህ ያለ አላየሁም። ደግሞ ፂሙ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። አብረውኝ ያጠቡት ሁሉ አሸተቱት። የሸሂድ ሽታ ነው፣ ሰማዕት ሆኖ ሞቷል ብለው አለቀሱ። እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ።»

ከተማው ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ ሰምታለች። እኚህን ሽማግሌ ማስቀየም ከበዳት፤ ስለዚህ ሌላ ጠየቀች። «ከኪሱስ ምን ተገኘ?»

ሸሁ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። «ምን እንደሆነች አላወቅሁም፤ ለቤተሰቡ ላደርስ አኑሬያት ነበር።» የዛገች፣ ጥርቅም ብላ የተዘጋች ትንሽ የናስ በር ናት።

የሟቹ ሚስት ፊርደውስ በለቅሶው ቤት ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ነበረች።

«አላህ ያጽናሽ። ያን ቀን ጠዋት ምን ይዞ ወጣ?»

«በፔርሙዝ ሻይ። ሁለት ስኒ።»

«ሁለተኛው ለማን ነበር?»

«አልነገረኝም። ቅርንፉድ አብዢበት ማለቱ ግን ገርሞኛል። እሱ ከጂዳ ከመጣ ወዲህ በናና እንጂ አይጠጣም።»

«በቅርንፉድ የሚጠጣው ማን ነው?»

ፊርደውስ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። «የአማቴ ቤት ሻይ ነው» አለች ብቻ።

አማቷ ከሞቱ ቆይቷል። በዚያ ቤት የቀረው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ እህል ነጋዴው መሐሙድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ሲቀበል አገኘችው፤ ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?»

«መጋዘኔ። ወንድሜን ከጁምዓ ወዲህ አላየሁትም።»

«መኪናዋ እንደዳነች ያውቁ ነበር?»

«ዳነች? ያቺ መኪና ዳገቱን ሳትፈላ ወጥታ አታውቅም። የገደለው ያ ልጅ ነው።» በቁጣ አልተናገረውም፤ ከባድ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው አንዴ ብሎት ወደ ለቀስተኞቹ ዞረ።

በማግሥቱ፣ ፋይሉ ከመሄዱ በፊት፣ ኢንስፔክተሯ ሸሁን፣ ፊርደውስንና መሐሙድን ሁዜይፋ ጋራዥ ሰበሰበቻቸው። ሁዜይፋን ከጣቢያ አስመጣችው። ካሳ መኪናዋን ኩርባው ድረስ ነድቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ እንዲመለስ አዘዘችው። ብዙ አልቆየም። ቀይዋ መኪና እያጓራች ገባች፤ መርፌው ከግማሽ በታች ነው። ኢንስፔክተሯ ሞተሩን አስጠፍታ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ በዝግታ ከፈተች። ትንሽ ጉም ወጣ። የዘለለ ውሃ የለም።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች፣ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ እያለች። መቆም ሰልችቷታል። «ትናንት ሳየው ይህ ራዲያተር ሙሉ ነበር። የፈላ ራዲያተር ውሃውን ተፍቶ ይጎድላል። ሟቹ ክዳኑን ሲከፍት ተመቶ ገደል ከገባ፣ የሞላው ማን ነው? ጀሪካኑስ ሙሉ ራዲያተር አጠገብ እንዴት ባዶ ሆነ? ለታይታ የተደፋ ውሃ ነው።»

የናሷን በር በመዳፏ አሳየቻቸው። «ይህች ከሟቹ ኪስ ወጣች። ሁዜይፋ እውነቱን ነው፤ መኪናዋ ከሞቱ በፊት ድናለች። ገዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ፈላችበት የሚል ተረት አይፈጥርም፤ እንደማትፈላ ያውቃል፣ ጣት የሚቀሰረውም እሱው ላይ ነው። ተረቱን የፈጠረው መዳኗን ያልሰማ ሰው ነው።»

«ፊቱስ?» አለ ካሳ።

«የሞተ ቆዳ ውሃ አይቋጥርም። የተቃጠለው ከሞተ በኋላ ነው። በምን?» ወደ ሸሁ ዞረች። «ሸህ፣ ይቅር ይበሉኝ። ፂሙ ላይ የሸተታችሁ ሻይ ነው።»

ሸሁ ረጋ ብለው «በግፍ የተገደለም ሸሂድ ነው» አሉ።

«ሻዩን ፊርደውስ ናት ያፈላችው። ቅርንፉድ የበዛበት፣ ባሏ የማይጠጣው ሻይ። ለእንግዳው ብሎ ነው ያስፈላው፤ እንግዳው በሟቹ እናት ቤት ሻይ ያደገ ሰው ነው። ፔርሙዙ መኪናዋ ውስጥ የለም። አቶ መሐሙድ፣ የት አለ?»

«ቤቴ ነው» አለ መሐሙድ። «መጣል አቃተኝ።»

መሐሙድ ማንንም ሳያይ ቀጠለ።

«አብሬው ተሳፍሬ ሳትፈላ መውጣቷን እንኳ ልብ አላልኩም። ሁልጊዜ የምትቆምበት ቦታ ስለቆመች የፈላች መስሎኝ ነበር። ሻዩን ቀዳልኝ። ከዚያ ስለ ልጄ አነሳ። አብዱራህማን በየመን በረሃ ከመሞቱ በፊት አድነኝ እያለ ጂዳ ለነበረው አጎቱ ሰባት ሌሊት ደውሎ ነበር። ስልኩን ዘጋሁት አለኝ፤ ወረቀት ስላልነበረኝ እንዳልያዝ ፈራሁ አለኝ። እኔ እዚህ ወንድሜ አለለት እያልኩ እተኛ ነበር። ገፋሁት። ወርጄ ሳየው አልቋል። ከዚያ ፈራሁ፤ የቀረውን ሻይ ፊቱ ላይ አፍስሼ፣ ኮፈኑንና ክዳኑን ከፍቼ፣ ጀሪካኑን ደፍቼ በአቋራጩ ወደ ቤቴ ገባሁ።»

«እሱ ግን ሁለት ዓመት አልተኛም» አለች ፊርደውስ። «ያን ቀን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሊልህ ነው የወጣው።»

«ብሎኛል። ስኒውን እያቀበለኝ።»

ካሳ ካቴናውን አወጣ፤ ኢንስፔክተሯ በእጇ ከለከለችው። መሐሙድ ወደ ሁዜይፋ ሄዶ፣ ያበጠ ከንፈሩን አይቶ፣ አንገቱን ደፋ።

«ባንተ ላይ ሲለጠፍ ዝም አልኩ። አፉ በለኝ።»

ሁዜይፋ ወደ በሩ ተመለከተ። የእናቱ ልቅሶ ከበሩ ውጭ ይሰማል።

«እኔ አፉ ብያለሁ» አለ። «እርስዎስ? ወንድምዎን?»

ሁሉም ወደ መሐሙድ ዞሩ፤ ፊርደውስም ቀና አለች።

«እኔ ገና ነኝ» አለና እጆቹን ለካሳ ዘረጋ።