ጉልበቴ ያበራል

እኔ ልጁን ከፊቱ በፊት አጥንቱን ነው ያየሁት። የወደድኩትም እዛው ላይ ነው፤ ከፈለጋችሁ ሳቁብኝ።

አንገቴ ላይ እብጠት ወጥቶብኝ እህቴ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ነርሷ ቴክኒሽየም የሚባል ነገር ወጋችኝና «ከአሁን ጀምሮ ጨረር ትረጫለሽ፤ እስከ ነገ እርጉዝ አጠገብ እንዳትቀመጪ» አለችኝ። እህቴ ደሞ ሆዷ እዚህ ድረስ ነው። እሷን ወደ ኮሪደሩ ማዶ አባረሯት፣ እኔን መስኮት የሌለው ክፍል ከተቱኝ። ግድግዳው ውስጥ እርሳስ አለበት አሉ። ስታወሪ ድምፅሽ አፍሽ ላይ ይሞታል።

ፊት ለፊቴ የሰውን ውስጥ የሚያነሳው ካሜራ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ጨለማው ስክሪን ላይ ብርሃን እንደ ካፊያ ይንጠባጠባል። መጀመሪያ ራስ ቅል፣ ከዛ ጎድን፣ ከዛ ጣቶች። ሰው ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሠራ የማይ መሰለኝ፤ ጠጉሬ ቆመ። የግራ ጉልበቱ ብቻ እንደ ፍም ይነድዳል። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ከዛ አጽሙ ተነስቶ፣ ሹራቡን ለብሶ፣ እያነከሰ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

እንዴት እንደሚያምር ልንገራችሁ... አይ፣ ተዉት፣ አልጨርስም።

«አትፍሪኝ፣ እኔም እንዳንቺው ተወግቻለሁ» አለኝ።

«ማን ፈራህ?»

«ሻርፕሽን ልትውጪው ነው እኮ።»

እብጠቴን የሸፈንኩበት ሻርፕ ጫፍ ለካ አፌ ውስጥ ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

«የወጉን ነገር በተፈጥሮ የለም ማለት ይቻላል» አለ። «ድሮ መሬት ስትፈጠር የነበረው አልቋል። የኛን ሰው ነው የሠራው። በየስድስት ሰዓቱ ግማሹ ይጠፋል።»

«የቀረውስ?»

«እሱም ግማሹ። ከዛም የዛ ግማሽ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«እንጃ» አለ። ወደ ካሜራው ክፍል ዞሮ «በሩ ክፍት ነበር አይደል? ምን አየሽ?»

«ስትስቅ።»

«ካሜራ ስር ተኝቼ?»

«አጽም ሁሌ ይስቃል።»

ሳቀ። ከቆዳው ስር ያለውን አገጭ አወቅኩት፤ ቀድሜ አይቼዋለሁ።

«ጉልበቴስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ያበራል» አልኩት።

«ኳስ ስጫወት ተመትቼ ነው። አጥንቱ ራሱን እየጠገነ ከሆነም ያበራል አሉ። ክፉው በሽታ ከሆነ ግን እግሬን ይቆርጡታል።» ጉልበቱን በመዳፉ ሸፈነው፣ ብርሃኑ እንዳይታይ የፈለገ ይመስል። «ሁሉም አይዞህ ብቻ ነው የሚለኝ። የነገርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ባለሙያው ሊጠራኝ መጣ። እጁ ላይ ያለችው የጨረር መለኪያ ትክ... ትክ ትላለች። ወደኛ ሲጠጋ እንደ ፈንዲሻ መንጣጣት ጀመረች። ልጁ በቀዝቃዛ እጁ እጄን ያዘኝ።

«አንድ ላይ ስትሆኑማ ባሰባችሁ» አለ ባለሙያው፣ ፈገግ እንኳን ሳይል።

የኔ ቀላል ሆነ፤ ኪኒን ተሰጠኝ። የሱ አልለየለትም፤ ከወራት በኋላ ተመልሰህ ካሜራው ስር ትነሳለህ ተባለ። በማግስቱ ደወለልኝ።

«ጨረሩ ወጣልሽ?»

«ግማሹ ቀርቷል።»

ሰላምታችን ይሄው ሆኖ ቀረ። እህቴ ወልዳ እንኳን፣ እኔ ገና ግማሹ ቀርቶኛል። ስልኬ ላይ «ጉልበቴ» ብዬ ነው የያዝኩት። «ማነው ደሞ ጉልበቴ?» ትላለች እህቴ። ጉልበቴ ነዋ።

የሁለተኛው ምርመራው ቀን ሲደርስ «ነይና እይልኝ፣ አንቺ አትዋሺኝም» አለኝ።

በሩ ያው ገርበብ ብሏል። ካፊያው መውረድ ጀመረ። ራስ ቅል፣ ጎድን፣ ጣቶች። ወደ ታች ሲወርድ መተንፈስ አቆምኩ።

ፍሙ ጠፍቷል። ጉልበቱ እንደ ሌላው አጥንት ደብዝዟል። ዶክተሩም በኋላ ያንኑ ነው የነገረው፤ አጥንቱ ራሱን ጠግኖ ጨርሷል።

ልጁ ግን ዶክተሩን አልጠበቀም። እንደወጣ ፊቴን ፈለገ።

«ምን አየሽ?»

«አይበራም።» ወንበሩ ላይ ዘፍ አልኩ። «ጉልበቴ ከዳኝ።»

«መቼ ከዳሁሽ?» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

ከጀርባው፣ ጨለማው ውስጥ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው እሱ ገና አልጠፋም። ወደኛ ዞሮ ይስቃል።