የጋሽ ድንበሩ ሁለተኛ ሆድ

ትርሲት ጠዋት ሥራ ስትገባ መጀመሪያ ሁለት መቶ አርባ ሆድ ታጥባለች። ሆድመስል ይባላሉ፤ የያንዳንዱን ተሳፋሪ ሆድ አስመስለው የሚሠሩ፣ ስም የተለጠፈባቸው ብርጭቆዎች ናቸው። ወደ ማርስ በምትበረው መንኮራኩር ላይ ማንም ክኒን ከመዋጡ በፊት ብርጭቆው ይውጥለታል። አንዱ ያጉረመርማል፣ አንዱ ያገሳል፣ ኧረ ስንቱ!

የዛን ቀን ግን የጋሽ ድንበሩ ነገር አናደዳት። የመንኮራኩሯ አትክልተኛ ናቸው። ሳንባቸው ውስጥ ፈንገስ ገብቶ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ክኒን ቢውጡም ደማቸው ውስጥ የመድኃኒት ዘር የለም። ማርስ ለመድረስ አምስት ቀን ቀርቷል። ያ ፈንገስ ደግሞ ሰብል ይጨርሳል፤ ካልለቀቃቸው የማርስ ከተማ አያስገባቸውም። እዛ ያለው የአንድያ ልጃቸው ሰርግ ሊያመልጣቸው ነው!

ክኒኑን የሳቸው ስም ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው። ይሄ ክኒን ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ንጹህ ውሃ ውስጥ ቢከቱት እንደ ጠጠር ቁጭ ነው። አሲድ ሲያገኝ ግን ይሟሟል። ይኸው፣ ብርጭቆው ውስጥ ሙልጭ ብሎ ሟሟ!

«አንተ ውሸታም!» አለችው ብርጭቆውን፣ እና በሩጫ ሽማግሌው ጋ ሄደች።

«ጋሽ ድንበሩ፣ ከክኒኑ ጋር ምን ወሰዱ?»

«ምንም።»

«በእናትዎ!»

«ምንም ስልሽ! ጎረቤቴ ሙሉነሽ ብቻ ወተት አመጣችልኝ። አብራሪዋ ደግሞ ለጨጓራ የሚታኘከውን ነጩን ክኒን ሰጠችኝ። መካኒኩም ሰጠኝ። ከዛ ደግሞ...»

ትራሳቸውን ገለጥ ሲያደርጉት ሥሩ ባዶ ማሸጊያ ሞልቷል።

«ይሄን ሁሉ?!»

«ሰው ልጠይቅህ ብሎ መጥቶ፣ ‹እኔን አሽሎኛል፣ እንካ› ሲለኝ እምቢ ልበል? ነውር አይደለም እንዴ!»

«በሽተኛ ለሚመረምረው ማሽንስ ለምን አልነገሩትም?»

«እሱ ስለ ሳንባዬ እንጂ ስለ እንግዶቼ መቼ አወራኝ?»

ትርሲት ሳቋ አመለጣት። ነጩ ክኒን አሲዱን ሲያጠፋው፣ የፈንገሱ መድኃኒት ሆዳቸው ውስጥ ሳይሟሟ እንዲሁ ሲንከባለል ከርሟል። ጎረቤት ሁሉ ተባብሮ በፍቅር ሊጨርሳቸው ነበር!

የተረፈውን ነጭ ክኒን ለቃቅማ ወሰደችና መድኃኒታቸውን በሎሚ ጭማቂ አስዋጠቻቸው።

«ኧረ ጥርሴን አወለቅሽው!»

«ለሰርጉ ጥርስ ይበቅላል፣ ይጠጡ!»

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ ታየ። ትርሲት ኮሪደሩን በእስክስታ ጨረሰችው። በአምስተኛው ቀን ትንፋሻቸው ንጹህ ሆነ፤ ጋሽ ድንበሩ ማርስ ወረዱ፣ ሙሽራዋ ልጃቸውም ጉልበታቸውን ስማ ተመረቀች።

ትርሲት ያን ቀን ብርጭቆዎቹን ቆማ አየቻቸው። ሙቀታቸው ልክ፣ አሲዳቸው ልክ። አንድም ሰው ግን ወተት ይዞ አይመጣላቸውም። ሰውን ከነጎረቤቱ ካልሆነ እንዴት ብርጭቆ ውስጥ ይከቱታል?

ማሽኑ ላይ አንድ ጥያቄ ጨመረች። አሁን በሽተኛን «ምንዎን ያምዎታል?» ከማለቱ በፊት «ማን መጣልዎት? ምን ይዞ?» ይላል።

መልሱ ረጅም ነው። ማሽኑም እስኪያልቅ መጠበቅ ለምዷል።