ከደብተሩ የተቆረጠችው ቅጠል

የሺዓለም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሌባ ስትፈልግ ኖራለች። የተሰረቀችው አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት።

ባሏ ወልደገብርኤል አስተርጓሚ ነበር። ኮሪያ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ከመዝመቱ በፊት የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነፍቻቸው በደብተር ጽፏል፤ አጀማመራቸው አንድ የሆኑትን በአንድ ቅጠል። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ባለችው ቤታቸው፣ እሷ የልብስ መኪናዋን ስታሽከረክር ያነብላት ነበር።

«ሆርስ፣ ፈረስ። ሆፕ፣ ተስፋ። ሆም፣ ቤት...» ይልና ይስቃል። ከ«ቤት» ቀጥሎ «የሺ ያለችበት» ብሎ ጽፎበታላ! የሺዓለም ከፊደል ብዙም አላለፈች፤ ያቺን ግን ታነባለች።

የጠፋችው ያቺ ቅጠል ናት።

ለለቅሶው ሬሳ አልነበረም። ልብሱና ደብተሩ ወጥተው ተለቀሰባቸው። ደብተሩን ሦስት ሰዎች ያዙት። ወደ ሳጥኑ ሲመለስ ቅጠሏ በመቀስ ተቆርጣለች።

መጀመሪያ ጎረቤቷን ባለሱቁን ሽኩርን ያዘችው።

«በባሌ ወረቀት ስኳር ጠቅልለህ ሸጥክ?»

«እትዬ የሺ፣ በአላህ! በሙት ወረቀት ብጠቀልለው ስኳሩ ራሱ ይመርራል።»

የመጠቅለያ ክምሩን አንድ በአንድ አገላበጠች። የለም።

ቀጥላ ሥላሴ አጠገብ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩት መምህር ከተማ ዘንድ ሄደች።

«እኔ ሙሉ መዝገበ ቃላት አለኝ» አሉ ተቆጥተው። «አንድ ቅጠል ምን ትሠራልኛለች?»

«በእርስዎ መዝገብ ሆም ምን ይላል?»

«ቤት።»

«ሌላስ?»

«ቤት ነው፤ ሌላ ምን ሊል ነው?»

እሳቸውም አይደሉም። ቅጠሏን ያየ ሰው እንዲህ አይመልስም።

ሦስተኛዋ የባሏ እኅት ሰርክአዲስ ነበረች። እሷን አልጠረጠረቻትም። ሀ ሁ የማትለይ ሴት ወረቀት ምን ይረባታል?

በ1953 ዓ.ም. ጥምቀት ሲቃረብ ሰርክአዲስ ቀሚስ ልታሰፋ ከአፍንጮ በር መጣች። የሺዓለም አንገቷን ስትለካ ሜትሩ ክታቧ ላይ አረፈ። እጇ ቆመ። ክታብ በጅማት ነው የሚሰፋው። ይሄኛው በጥቁር ክር ተሰፍቷል፤ በለቅሶው ሰሞን የሺዓለም ለከሏ በገዛችው ወፍራም ክር።

«ሰርኬ፣ ይሄን ማን ሰፋልሽ?»

«ደብተራ ነው።»

«ደብተራ በእኔ ክር ይሰፋል?»

ሰርክአዲስ ነጠላዋን ወደ አንገቷ ሳበች።

«አውልቂው።»

«እትዬ...» ሰርክአዲስ ክታቡን በመዳፏ ጨበጠችው። «ልብሱ አንቺ ጋ፣ ፎቶው አንቺ ጋ። መቃብር እንኳ የለው። የእጁ ጽሕፈት አንገቴ ላይ ይሁን ብዬ ነው። ደብተሩ ራሱ እዚያች ላይ ተገለጠ፤ ቆረጥኳት። የሚለውን እንኳ አላውቅም።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«ማንን ልጠይቅ?»

የሺዓለም ስፌቱን ተረተረችው። ወረቀቷ በላብ ወይባለች። ጽሕፈቱ ግን የእሱ ነው።

«አንብቢልኝ» አለች ሰርክአዲስ።

«ሆርስ፣ ፈረስ። ሆፕ፣ ተስፋ። ሆም...» ቀና ብላ ሰርክአዲስን አየቻት። «ሆም፣ ቤት። የሺና ሰርኬ ያሉበት።»

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

ወረቀቷን አጥፋ መልሳ ከተተቻት። መርፌዋ ውስጥ ያንኑ ጥቁር ክር አስገባች። ሰፍታ ስትጨርስ ክታቡን በሰርክአዲስ አንገት አሰረችው።

«በይ ቀና በይ» አለቻት፤ ሜትሩን አነሣች። «አንገትሽን አልጨረስኩም።»